«ልጆቹ ከእኛ ይበልጣሉ» ማለት ሥልጠና አይሆንም

«እነዚህ ልጆች እኮ ስልክ ይዘው ነው ያደጉት። እነሱ እኛን ያስተምሩን እንደሆነ እንጂ እኛ እነሱን ምን እናስተምራቸዋለን?»

ይህን ያለው ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ቢሆን ሰምቼ አልፈው ነበር። የተናገሩት ግን የአንድ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ዲን ናቸው፤ ያውም ስለ ኮርሶች ክለሳ በተጠራ ስብሰባ ላይ። ለእጩ መምህራን የሚሰጠው የኮምፒውተርና የትምህርት ቴክኖሎጂ ኮርስ ሰዓቱ ተቀንሶ ለሌላ ይዋል የሚል ሐሳብ ቀረበ። «ለምን?» ተብሎ ሲጠየቅ በማስረጃነት የቀረበው ይኸው አባባል ነው። ጥናት የለም፤ የፈተና ውጤት የለም፤ ልጆቹን ኮምፒውተር ፊት አስቀምጦ ምን እንደሚችሉ ያየ የለም። አንዲት የኮሌጁ መምህርት እጇን አውጥታ «ዶክተር፣ ልጆቹ እኮ ሴቭ ያደረጉት ፋይል የት እንደገባ አያውቁም» ብላ ስትጀምር «ሰዓት የለንም» ተባለችና ወደሚቀጥለው አጀንዳ ታለፈ።

መምህርቷ የተናገረችው በየሳምንቱ ኮምፒውተር ላብ ውስጥ ቆማ የምታየውን ነው። ዲኑ የተናገሩት ማንም ሰው ቡና ላይ የሚለውን ነው። ሆኖም የእሷ ቃል ሳይሰማ የእሳቸው ውሳኔ ሆነ። እኔ እስከ ዛሬ ያልበረደልኝ ይህ ነው። ስለ ግብርና ወይም ስለ ሕክምና ሲሆን «ወጣቱ በተፈጥሮው ያውቀዋል» ብሎ ኮርስ የሚሰርዝ የለም። ኮምፒውተር ላይ ሲደርስ ግን የኮሌጅ ኃላፊ ሳይቀር ዕውቀት ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ይመስለዋል።

አባባሉ እሳቸው ዘንድ የተጀመረ አይደለም። አሜሪካዊው ጸሐፊ ማርክ ፕሬንስኪ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመው ጽሑፍ ወጣቶቹን የዲጂታሉ ዓለም ተወላጆች፣ መምህሮቻቸውን ደግሞ ወደዚያ ዓለም የመጡ ስደተኞች ብሎ ለሁለት ከፈላቸው። የጻፈውም በኮምፒውተርና በቪዲዮ ጌም መካከል ስላደጉ የአሜሪካ ተማሪዎች ነበር። ክፍፍሉ ቀላልና ማራኪ ስለሆነ ዓለምን ዞረ፤ እኛም ጋ ደረሰ። ነገሩ እውነት ይሁን አይሁን የተፈተሸው በኋላ ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችን የኮምፒውተርና የመረጃ ችሎታ የሚለካው አይሲአይኤልኤስ የተባለው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2018 ሲካሄድ ዴንማርክ፣ ጀርመን፣ ደቡብ ኮሪያና አሜሪካ ተሳታፊ ነበሩ። እነዚያ ልጆች ኮምፒውተር ቤታቸው አለ፤ ኢንተርኔት አይቆጠርባቸውም። በተሳተፉት አገሮች ሁሉ በአማካይ ከፍተኛው ደረጃ ላይ የደረሱት ግን ከ100 ተማሪዎች 2ቱ ብቻ ናቸው። አጥኚዎቹ የደረሱበትም ልጆች መሣሪያው መካከል ስላደጉ ብቻ ችሎታውን እንደማያገኙትና መማር እንደሚያስፈልጋቸው ነው። ሴኡል ያደገ ልጅ ካልተማረ የማያውቀውን፣ ከገጠር ወረዳ መጥቶ የኮምፒውተር ኪቦርድ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮሌጅ ግቢ ውስጥ የነካ እጩ መምህር ከየት አምጥቶ ያውቀዋል?

እስቲ ወደ መሬት እናውርደው። ለተግባር ልምምድ፣ ማለትም ለፕራክቲከም፣ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የተመደበ እጩ መምህር ሥራውን ሲሠራ አጠገቡ ተቀምጬ አይቻለሁ። ጎበዝ ልጅ ነው። ስልክ ላይ ጣቶቹ አይያዙም፤ ቪዲዮ ይቆርጣል፣ ሙዚቃ ያስገባበታል፣ የሴክሽኑ የቴሌግራም ግሩፕም አድሚን እሱ ነው። ትምህርት ቤቱ የአማርኛ ፈተና እንዲያወጣ አዘዘው። ጥያቄዎቹን ደብተር ላይ በእጁ ጻፋቸው፤ አብዛኛው መምህር እንደሚያደርገው ለጸሐፊዋ ሰጥቶ ሊያስጽፍ ነበር። ጸሐፊዋ ሥራ ስለበዛባት ራሱ እንዲጽፈው ተነገረው። ስልኩ ላይ የለመደው የአማርኛ ኪቦርድ ኮምፒውተሩ ላይ የለም። የትኛው ቁልፍ የትኛውን ፊደል እንደሚያወጣ እየፈለገ፣ በሁለት ጣት እየነካ፣ አንድ ገጽ ለመጻፍ ከሰዓት በኋላው አለቀ። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብሎ ምርጫዎቹን ለማሰለፍ ስፔስ ባሩን ደጋግሞ ይመታል፤ ታብ የሚባለው ቁልፍ ለምን እንደሚያገለግል ያሳየው ሰው የለም።

ከዚያ ፋይሉን በፍላሽ ይዞ ፈተና ወደሚባዛበት ክፍል ሄደ። እዚያ ያለው ኮምፒውተር የተጻፈበት ፎንት ስላልነበረው አማርኛው በሙሉ ወደ ላቲን ፊደልና ወደ ምልክት ተለወጠ። ተደናገጠ፤ ፋይሉ በቫይረስ የጠፋ መሰለው። ሌላ መምህር ፎንቱን ፈልጎ ሲጭንለት ፊደሉ ተመለሰ፤ በስፔስ ባር የተሰለፉት ምርጫዎች ግን ተዘበራርቀው የ3ኛው ጥያቄ «መ» ከ4ኛው ጥያቄ ራስ ላይ ተቀምጦ ተገኘ። የሚስተካከልበት ጊዜ አልነበረም። ተማሪዎቹ የተፈተኑት በዚያው ወረቀት ነው። ጥያቄው ያልገባው የ10 ዓመት ልጅ የተሳሳተው ሰንፎ ነው ተብሎ ውጤቱ ካርዱ ላይ ገብቷል።

የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ወደተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደላት ሥርዓት የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር፣ ከኮምፒውተር ወደ ስልክ ሲሻገር አይበላሽም። ከዚያ በፊት በየድርጅቱ በየራሱ መንገድ የተሠሩት ፎንቶች ግን የላቲኑን ፊደል ቦታ ይዘው የተሠሩ ናቸውና ፎንቱ በሌለበት ቦታ ሁሉ የማይነበብ ነገር ይሆናሉ። በየትምህርት ቤቱ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሁለቱም አሉ፤ መምህሩ በየትኛው እየጻፈ እንደሆነ ማወቅ አለበት። ይህ በአንድ ክፍለ ጊዜ ተብራርቶ፣ በሁለተኛው ተለማምደውት የሚያልቅ ነገር ነው። ስልክ ይዞ ማደግ ግን ይህን አይነግርም፤ ምክንያቱም ስልኩ ላይ ችግሩ የለም። ልጁ በስልኩ ለዓመታት ቢጽፍ ይህን ጥያቄ አንድም ቀን አያገኘውም።

ውጤት ሲያጠናቅርም አይቼዋለሁ። ከ60 በላይ ተማሪ ያለበት ክፍል ነው፤ ተከታታይ ምዘናው፣ የቤት ሥራው፣ የማጠቃለያ ፈተናው ተደምሮ ሮስተር ላይ መግባት አለበት። የእያንዳንዱን ልጅ ማርክ በስልኩ ካልኩሌተር ደምሮ፣ ድምሩን ኤክሴል ላይ ጻፈው። ኤክሴል ራሱ እንደሚደምር፣ ደረጃም እንደሚያወጣ አያውቅም። አንድ ማርክ ሲቀየር ሁሉንም ከመጀመሪያው ይደምራል። በሴሚስተሩ መጨረሻ ሌሊቱን በሮስተር የሚያነጋው መምህር ለነገው ትምህርት የሚዘጋጅበት ጊዜ ከየት ይመጣለታል? እንግዲህ «ከእኛ ይበልጣሉ» የተባለለት ልጅ ይህ ነው። እሱ ላይ ክፉ ቃል የለኝም። ሦስት ሰዓት ቁጭ ብሎ ያሳየው ሰው ቢያገኝ ሁሉንም ይችለው ነበር፤ ያንን ሦስት ሰዓት ነው ኮሌጁ የነፈገው።

«መሣሪያውን ብቻ ስጧቸው፤ ራሳቸው ይማሩታል» የሚለው ሐሳብ በእኛው ልጆች ላይ የተሞከረ ነው፤ ብዙ ሰው ረስቶታል። «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የተባለው የኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ድርጅት በ2004 ዓ.ም. ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ለሚገኙ፣ ትምህርት ቤት ገብተው ለማያውቁ ሕፃናት ሞቶሮላ ታብሌቶች ሰጠ። ሳጥኖቹ እንደታሸጉ ተሰጡ፤ መምህር አልተመደበም። ኔግሮፖንቴ በጥቅምት 2005 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ ባደረገው ንግግር ልጆቹ በደቂቃዎች ውስጥ ማብሪያውን እንዳገኙት፣ በወራት ውስጥም የታብሌቱን አንድሮይድ ሰብረው እንደገቡ ተናገረ። ዜናው ዓለምን ዞረ። የኢትዮጵያ የገጠር ልጅ ያለ መምህር ራሱን አስተማረ ተባለ።

ሰብሮ መግባት የተባለው ምን ነበር? የታብሌቱ ካሜራ ተዘግቶ ነበር፤ ልጆቹ ከፈቱት። የስክሪኑንም ገጽታ እንደየፍላጎታቸው ቀየሩት። ብልህነታቸውን አደንቃለሁ፤ ልጅ ሁሉ እጁ የገባውን ዕቃ ይፈታል። ካሜራ መክፈት ግን ማንበብ አይደለም። ዋናው ጥያቄ ሕፃናቱ ከዚያ በኋላ አንብበው የሚረዱ ሰዎች ሆኑ ወይ የሚለው ነበር፤ ያንን የጠየቀ ርዕሰ ዜና አላየሁም። ደግሞም በዚያው ሙከራ ውስጥ በየሳምንቱ አንድ ባለሙያ መንደሮቹ ድረስ እየሄደ የታብሌቶቹን ሚሞሪ ካርድ ይቀይር ነበር፤ ታብሌቶቹን በፀሐይ ኃይል የሚሞሉትንም የመንደሩን ሰዎች ያሠለጠነ ሰው ነበር። ሥልጠና አያስፈልግም የሚለውን ለማሳየት የተደረገው ሙከራ ራሱ ያለ ሥልጠና አልቆመም። ዲኑ የተናገሩት የዚህ ዜና ቅሪት ነው፤ በመሣሪያው መጫወት መቻልን በመሣሪያው አንድ ነገር ከመሥራት ጋር አንድ አድርጎ ያየዋል።

መምህር ላይ ሲደርስ ደግሞ ሦስተኛ ነገር ይጨመራል። መሣሪያውን ማወቅ አለ፤ በመሣሪያው መሥራት አለ፤ በመሣሪያው ሌላ ሰው እንዲማር ማድረግ አለ። ሦስተኛው ከሁለቱም ይከብዳል። የትምህርት ተመራማሪው ሊ ሹልማን እ.ኤ.አ. በ1986 የትምህርቱን ይዘት ማወቅና ይዘቱን ለተማሪ ማድረስን ማወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ጻፈ። ሌሎች ተመራማሪዎች፣ ሚሽራና ኮህለር፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ቴክኖሎጂውን ጨምረውበት፣ ሦስቱ የሚገናኙበትን ቦታ የመምህሩ ልዩ ዕውቀት አሉት። እነዚህን ስሞች በኮሌጆቻችን ሞጁል ውስጥ የማያገኝ የለም፤ ዲኑም ያውቋቸዋል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ሦስተኛው የመምህራን የአይሲቲ ብቃት ማዕቀፍ እትም 18 ብቃቶችን በ6 መስኮች ከፍሎ ይዘረዝራል። ከ6ቱ መስኮች ስለ መሣሪያው አጠቃቀም የሚናገረው አንዱ ብቻ ነው። ሌሎቹ ስለ ሥርዓተ ትምህርትና ምዘና፣ ስለ ማስተማር ዘዴ፣ ስለ አደረጃጀትና አስተዳደር፣ ስለ ፖሊሲ፣ መምህሩ ራሱን ስለሚያሳድግበት መንገድ ናቸው። እንግዲህ ልጆቹ በስልክ ስላደጉ ያውቁታል የተባለውን ሁሉ ብንቀበል እንኳ የተሸፈነው ከ6ቱ አንዱ ነው፤ እሱም በከፊል።

ይህ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚመስል ላሳይ። አንዲት እጩ መምህርት ስለ ልብና ስለ ደም ዝውውር ልታስተምር ከዩቲዩብ አንድ የእንግሊዝኛ ቪዲዮ አውርዳ መጣች። ክፍሉ ኤልሲዲ የለውም። ስልኳን ለመጀመሪያው ዴስክ ሰጠችው፤ ከዴስክ ወደ ዴስክ እየተላለፈ ዞረ። ፊት ያሉት ሲያዩ ኋላ ያሉት ይጮኻሉ፤ ኋላ ሲደርስ ፊት ያሉት ይጮኻሉ። ቪዲዮውን ያዩትም የሚነገረው ቋንቋ አልገባቸውም። የ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ስልኩ ዞሮ ሳይጨርስ አለቀ፤ አንድም ጥያቄ አልተጠየቀም። ከኮሌጁ የመጣው ሱፐርቫይዘር ግን «ቴክኖሎጂ ተጠቅማለች» ከሚለው ሳጥን ላይ የራይት ምልክት አድርጎ ወጣ። ለዚያ ክፍል የሚበጀው ከቪዲዮው ውስጥ አንዱን ምስል መርጦ ሰሌዳ ላይ በትልቁ መሳል፣ ወይም ልጆቹ የልብ ምታቸውን ቁጭ ብለውና ሮጠው ስልኩ ላይ ባለው ሰዓት እንዲለኩ፣ ቁጥሩን ሰንጠረዥ ላይ እንዲያስገቡ ማድረግ ነበር። እዚያ ላይ ስልኩ ዋጋ ነበረው። ያንን እንድታስብ ያስተማራት የለም። ቪዲዮ ማውረድን ግን ማንም ሳያስተምራት ታውቃለች፤ እኛም በዚያች ዕውቀቷ ተደስተን ሥራችንን ጨረስን።

አንድ ነገር ላይ ዲኑ ሊከራከሩኝ እንደሚችሉ አውቃለሁ። ኮርሱ እስከ ዛሬ ሲሰጥ የኖረበት መንገድ አይረባም ሊሉ ይችላሉ። አይረባም! ተማሪው የመጀመሪያው ትውልድ ኮምፒውተር በቫኪዩም ቱብ ይሠራ እንደነበር ይሸመድዳል፤ ኢንፑትና አውትፑት ዲቫይስ ምንና ምን እንደሆኑ በምርጫ ጥያቄ ይፈተናል፤ ኪቦርድ ሳይነካ በኪቦርድ ላይ የተጠየቀውን መልሶ «ኤ» ያገኛል። ላቡ ውስጥ ካሉት ኮምፒውተሮች የሚሠሩት ጥቂት ናቸው፤ አንዱን አምስት ሆነው ይከቡታል፤ ማውዙን የሚይዘው ግን ሁልጊዜ ያው አንዱ ልጅ ነው። ሴቶቹ ብዙውን ጊዜ ከኋላ ቆመው ያያሉ። መብራት የሄደ ዕለት ትምህርቱ ወደ ሃንድአውት ንባብ ይዞራል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ ኮርሱ ይስተካከል ማለት ግን ይጥፋ ማለት አይደለም። የሒሳብ ትምህርት በየትምህርት ቤቱ በመጥፎ መንገድ ይሰጣል፤ ልጆቹ ገበያ ላይ ሲቆጥሩ ስላደጉ ይቅር ያለ አልሰማሁም። ኮርሱን ያበላሸው ኮሌጁ ራሱ ነው፤ አሁን ደግሞ ያበላሸውን ልጆቹ ያውቁታል በሚል ቃል ሊሸፍነው ነው። የማዝነው እዚህ ላይ ነው። ሙገሳ የሚመስለው ቃል ኃላፊነትን መሸሻ ሆኗል።

ሌላው መሸሻ ሰርተፍኬት ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር ሆኖ የ5 ሚሊዮን ኮደሮችን ፕሮግራም ይፋ ሲያደርግ ብዙ ወጣት ነፃ ዕድል አግኝቷል፤ ፕሮግራሚንግም ሆነ ዳታ ሳይንስ የሚፈልግ ይማር፣ ደስ ይለኛል። ግን አንድ የ2ኛ ክፍል አማርኛ የሚያስተምር እጩ መምህር በዚያ መመዝገቡና ሰርተፍኬቱን ፕሪንት አድርጎ ማቅረቡ በኮሌጁ ሪፖርት ውስጥ የዲጂታል ሥልጠና ተብሎ መቆጠር የለበትም። የአንድሮይድ መተግበሪያ መሥራት የሚያስተምር ኮርስ ሮስተር አያስተምርም፤ የማንበብ ችግር ያለበትን ልጅ በምን እንደሚረዳም አያስተምርም። የሰርተፍኬት ቁጥር ወደ ላይ ለመላክ ይመቻል፤ ልጆቹ ዘንድ የሚደርስ ነገር የለውም።

ቴክኖሎጂን መምህሩን አልፈን ልናስገባ ስንሞክር ይህ የመጀመሪያችን ቢሆን ባልተበሳጨሁ። በ1997 ዓ.ም. የፕላዝማ ቴሌቪዥን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተዘጋጅቶ በሳተላይት በእንግሊዝኛ ይተላለፍ ነበር። በዚያ ዘመን የተማረ ሁሉ ያስታውሰዋል፤ ስክሪኑ አይጠብቅም፣ ጥያቄ አይሰማም፣ አልገባኝም ቢሉት አይደግምም። መምህሩ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ያስተዋውቃል፤ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ያጠቃልላል፤ በመሐሉ ክፍሉ ጥግ ቆሞ ከተማሪዎቹ ጋር ያያል። ያ ሁሉ ገንዘብ ከወጣበት በኋላ መምህሩ ያንን መሣሪያ ተጠቅሞ የራሱን ትምህርት እንዲያዘጋጅ የሚያስችል ሥልጠና አላገኘም። ስክሪኖቹ በየክፍሉ ጠፍተው ሲቀሩ የተረፈ ዕውቀት አልነበረም። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ኮሮና ትምህርት ቤቶችን ሲያስዘጋ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ቤቱ ቀረ፤ ያኔም መምህራኑ፣ ወጣቶቹ ጭምር፣ ሊያደርጉት የቻሉት የደብተር ገጽ በስልክ አንስቶ ቴሌግራም ላይ መለጠፍ ነበር፤ ያም ዳታ ላለው ልጅ። በስልክ ያደገው ትውልድ የዚያን ጊዜም ነበረ። አላዳነንም።

አሁን ደግሞ ከሁሉም የሚያስፈራኝ መጥቷል። ቻትጂፒቲ ኅዳር 2015 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ እጩ መምህራን የዕለት ትምህርት ዕቅዳቸውንም፣ የፕራክቲከም ሪፖርታቸውንም፣ አክሽን ሪሰርቻቸውንም በእሱ ያሠራሉ። መጠቀማቸውን አልቃወምም። የሚያሠሩትን አንብበው መመዘን አለመቻላቸውን እቃወማለሁ። አንድ የፕራክቲከም ሪፖርት እጄ ገብቶ አንብቤያለሁ፤ የተጻፈለት ትምህርት ቤት ቧንቧ እንኳ የለውም፤ ሪፖርቱ ግን ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ምቹነትና ስለ ኤልሲዲው አጠቃቀም ሁለት ገጽ ያትታል። ሌላዋ እጩ መምህርት ለ4ኛ ክፍል ያዘጋጀችው የአማርኛ ትምህርት ውስጥ አምስት ተረትና ምሳሌዎች ነበሩ። ሁለቱ በአማርኛ ውስጥ የሉም፤ መሣሪያው ራሱ የፈጠራቸው ናቸው፤ ሰዋስዋቸውም የተጣመመ ነው። ሰሌዳ ላይ ጻፈቻቸው። ልጆቹ ደብተራቸው ላይ ገለበጧቸው። ቤት ሄደው ለአያታቸው ሲያነቡላቸው አያት ምን ይበሉ? የሠለጠነ መምህር አንድ ቃል ሲጠረጥር መዝገበ ቃላት ያያል፤ ትልቅ ሰው ይጠይቃል። መሣሪያው በእርግጠኝነት ሲናገር መጠርጠርን መማር ያስፈልጋል፤ በተለይ በአማርኛ፣ በተለይ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ፣ መሣሪያው ያነበበው ጽሑፍ ትንሽ በሆነባቸው ቋንቋዎች። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው ደግሞ በእነዚህ ቋንቋዎች ነው። ከዚህ የሚበልጥ የኮርስ ርዕስ ከየት ይመጣል?

የልጆቹም ገመና አለ። መልስ ያቃተውን ተማሪ በስልክ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ የሚለጥፍ ወጣት መምህር አይተናል፤ ሰው ሁሉ ስቆ ሼር ያደርገዋል። ያ ልጅ ነገ ክፍል ሲገባ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ያሰበ የለም። ቪዲዮ የመቁረጥ ችሎታው ሞልቷል፤ የጎደለው የሕፃኑን ፊት ለማሳየት የማን ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ማወቅ ነው። ይህንንም ስልኩ አያስተምርም፤ እንዲያውም የሚያስተምረው ተቃራኒውን ነው፤ ብዙ ሰው ባየው ቁጥር ይሸልመዋል።

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና በወረቀት ብቻ ሳይሆን በኦንላይንም ተሰጥቷል። አገሪቱ የወጣቶቿን ዕጣ በኮምፒውተር ፊት ልትወስን ጀምራለች ማለት ነው። ለዚያ ወንበር ልጆቹን ከታችኛው ክፍል ጀምሮ የሚያዘጋጃቸው መምህር አሁን ኮሌጅ ውስጥ ነው፤ ሰዓቱ የሚቀነሰውም የእሱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በግል ትምህርት ቤት የሚማረው ልጅ ቤቱ ላፕቶፕ ስላለው ይተርፋል። የወረዳው ልጅ ያለው መምህሩ ብቻ ነው።

ብዙ አልጠይቅም። የኮርሱ ሰዓት ሳይጎድል ይመለስ። የኮምፒውተር ትውልድ ታሪኩ ከሞጁሉ ይውጣና በቦታው መምህር በየሳምንቱ የሚሠራው ሥራ ይግባ፤ ፈተና በአማርኛና በሚያስተምርበት ቋንቋ ጽፎ ማባዛት፣ ሮስተር መሥራት፣ ያገኘውን መረጃ ማጣራት፣ ኤልሲዲ በሌለበት ክፍል በአንዲት ስልክ ማስተማር። ላብ በሌለበት በስልካቸው ይለማመዱ፤ ኤክሴል ስልክ ላይም ይሠራል። የአማርኛ ማስተማሪያ ዘዴ የሚሰጠው መምህር አማርኛ በኪቦርድ መጻፍን ያስተምር፤ የሳይንስ ዘዴ የሚሰጠው ቪዲዮውን ምን እንደሚያደርጉት ያሳይ። ለዚህ የኮሌጁ መምህራን ራሳቸው መማር ካለባቸው ይማሩ፤ አያሳፍርም። ፈተናውም በምርጫ ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው በሚሠሩት ሥራ ይሁን።

ዲኑንም አንድ ነገር እጠይቃለሁ። የሚቀጥለው የኮርስ ስብሰባ ከመጠራቱ በፊት ከተመራቂዎቹ መካከል የፈለጉትን 20 እጩ መምህራን ይምረጡ። ላብ ያስገቧቸው፤ አንድ ገጽ የአማርኛ ፈተና ጽፈው፣ የ60 ተማሪ ማርክ ደምረው፣ ሁለቱንም ፋይል በፍላሽ አድርገው ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍተው ያሳዩዎት። ያቋረጧትን መምህርትም አብረው ይጥሯት፤ በዚያ ቀን ግን ሰዓት ይስጧት።